«ጊሩ ሄደ» ሲሏችሁ
ስለ አሮጌ የናፍጣ ቴንደር ካምቢዮ መለወጥ ገዴራ ላይ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር



ኮሚቴው ስለ መኪና አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ከመኪና ሥር ተኝቼ የጨረስኩ ሰው ነኝ እንጂ በሰው ፊት ቆሜ መናገር አልለመድኩም። ኋላ ግን በቅርቡ ከእናንተው መካከል በአንድ ቤተሰብ ላይ የደረሰውን ሳስበው ዝም ማለቱ ከበደኝ። ቤተሰቡ ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም፣ የጋራዡንም ስም አልጠራም።

አባትየው የአትክልት ሠራተኛ ነው። ለሰው ተቀጥሬ ከምኖር ለራሴ ልሥራ ብሎ ከሚስቱ ወንድም ጋር ገንዘብ አዋጥተው አንድ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ገዙ። እዚህ አገር ፒክአፕን «ቴንደር» ይሉታል። በሦስተኛው ሳምንት ማርሽ አልገባ አለው። ፍሪሲዮኑን ቢረግጥ፣ ዘንጉን ቢገፋ፣ ይፋጫል እንጂ አይገባም። እንደምንም ብሎ ጋራዥ አደረሰው። ቋንቋው ገና ስለሆነ የ11 ዓመት ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ይዞ ሄደ። መካኒኩ ትንሽ ሞከረና «ሃጊር ሃላኽ» አለ። ልጁም እንደሰማው አድርጎ፣ «አባባ፣ ጊሩ ሄደ ይላል» አለው። አባትየው፣ «ወዴት ይሄዳል? መኪናው እዚሁ ቆሞ የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ዕብራይስጡ «ሄደ» ሲል አበቃለት፣ ሞተ ማለቱ ነው። ይህ ያስቃል፤ ያኔ ግን ማንም አልሳቀም። የተጠየቀው ዋጋ መኪናው ከተገዛበት ከግማሽ በላይ ነበርና።

ተበድረው ከፈሉ። ካምቢዮው ተለወጠ። መኪናው አንድ ሳምንት በደንብ ሄደና እንደገና ያው ሆነ። በዚህ ጊዜ ጎረቤታቸው ወደ እኔ አመጣቸው። ኮፈኑን ከፍቼ የፍሪሲዮኑን ዘይት ዕቃ ባየው ባዶ ነው። ከታች ካምቢዮው ጎን ያለችው ትንሽ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጎማ አልቆ ዘይቱ ይፈስ ነበር። ካምቢዮውን ሲለውጡ ዘይት ስለሞሉለት ለአንድ ሳምንት ሠራ፤ ዘይቱ ሲያልቅ ቆመ። የሚያስፈልገው ሲሊንደር ዋጋው ቤተሰቡ ከከፈለው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሥራውም የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ካምቢዮ የትም አልሄደም ነበር። ደህና ነበር። እነርሱ ግን እዚያው ጋራዥ ትተውት መጥተዋል።

ያ መካኒክ ሌባ ነው አልልም። ምናልባት ቸኩሎ ይሆናል። በሥራችን መቸኮልም ሆነ መስረቅ ከከፋዩ ኪስ የሚያወጣው ያው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ሁላችሁንም መካኒክ ለማድረግ አይደለም። ካምቢዮ መለወጥ ማለት ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያስፈልግ፣ ሲለወጥም ምን ምን መሠራት እንዳለበት አውቃችሁ እንድትከፍሉ ነው። እናቶች፣ ይህ የወንዶች ወሬ ነው ብላችሁ አትነሡ፤ ገንዘቡ የቤት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃላት ትንሽ እናውራ። እኛ አገር የመኪና ቋንቋችን ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 ኢትዮጵያ በቆየበት ጊዜ (ዓመቶቹን የምናገረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ከመንገዱና ከጭነት መኪናው ጋር የመካኒኩ ቋንቋም አብሮ ቀረ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ሞቶሪኖ፣ ክሪክ፣ ሁሉም ከዚያው ነው። እኔ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን መጥቼ መጀመሪያ ጋራዥ ስቀጠር፣ እጄ ሥራውን እያወቀው አፌ ግን እንደ ሕፃን ሆኖ ነበር። «ካምቢዮ» ብል ማን ይስማኝ? እዚህ ካምቢዮ «ጊር» ነው። ፍሪሲዮን «ክላች» ነው፤ በመጽሐፍ «ማጽሜድ» ይባላል። የእጅ ፍሬን «አምብሬክስ»፣ የኋላ ማርሽ «ሬቬርስ»፣ ዲፈረንሻልን ደግሞ «ባካክስ» ይሉታል። ጋራዥ «ሙሳኽ» ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ይህችን ያዙ፦ ናፍጣ በዕብራይስጥ «ሶላር» ነው። «ኔፍት» የሚል ቃል ስትሰሙ ናፍጣ እንዳይመስላችሁ፤ ያ እኛ ለፋኖስና ለምድጃ የምንጠቀምበት ላምባ ነው። እኛ ላምባውን «ጋዝ» እንለዋለን፣ እዚህ ደግሞ «ጋዝ» የወጥ ቤቱ ነው። ነዳጅ ማደያ ላይ «ሶላር» በሉ፤ ሌላ አትበሉ።

አሁን ወደ ካምቢዮው። ከደባርቅ ተነሥታችሁ ሊማሊሞን ወደ ዛሪማ የወረዳችሁ ሰዎች ካላችሁ ማርሽ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ሹፌሩ አፋፉ ላይ ሲደርስ ማርሽ ይቀንስና ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ እያጉረመረመ ያወርደዋል። ፍሬን ብቻ ይዞ የወረደ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ይለዋል። ካምቢዮ ማለት የሞተሩን ኃይል እንደ መንገዱና እንደ ጭነቱ የሚያከፋፍል የብረት ሣጥን ነው። በውስጡ ጥርስ ያላቸው መንኮራኩሮች በዘይት ተነክረው ይሽከረከራሉ። በእንደዚህ ያሉ አሮጌ ፒክአፖች አንደኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ 4 ጊዜ ገደማ ሲዞር ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ 1 ጊዜ ይዞራል፤ ቀስ ይላል፣ ጉልበቱ ግን ይበዛል። አምስተኛ ላይ ዘንጉ ከሞተሩ ትንሽ ይፈጥናል፤ ይሮጣል፣ ጉልበት ግን የለውም።

በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ፍሪሲዮን አለ። ሞተሩ ጀርባ ላይ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት መንኮራኩር አለ፤ በላዩ ዲስክ ይቀመጣል፤ ዲስኩን ወደ ቮላኖው የሚጫን ሳህን አለ። ስትረግጡ ሳህኑ ይለቀዋል፣ ሞተርና ካምቢዮ ይለያያሉ፣ ማርሽ መለወጥ ትችላላችሁ። እንግዲህ ይህ ፍሪሲዮን በደንብ ካልለቀቀ ካምቢዮው ምንም ሳይነካው ማርሽ አልገባም ይላል። የዚያ ቤተሰብ ገንዘብ የጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ማንም «ጊር» ከማለቱ በፊት ራሳችሁ የምትሞክሩት አለ። ሞተሩን አጥፉና ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገቡ። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም በቀላሉ እየገባ፣ ሞተሩ ሲነሣ ግን እምቢ ካለ፣ በተለይ አንደኛና የኋላ ማርሽ የሚፋጭ ከሆነ፣ መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን ጠርጥሩ። ኮፈን ከፍታችሁ የዘይቱን ዕቃ እዩ። ፔዳሉ መሬት ድረስ ያለ ኃይል ከወረደ፣ ከታችም እርጥበት ካለ፣ መልሱን አገኛችሁ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተሳበ፣ የሚቃጠል ሽታም ካለ፣ ዲስኩ አልቋል፤ ይህም ካምቢዮ አይደለም።

ድምፅን ደግሞ እንዲህ ለዩ። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ፣ ሞተሩን አስነሥታችሁ፣ እግራችሁን ከፍሪሲዮኑ አንሡ። የሚያጉረመርም ድምፅ ኖሮ ስትረግጡት ከጠፋ በካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ላይ ያለው ኩሽኔታ ነው፤ ይህ የካምቢዮ በሽታ ነው። በተቃራኒው ዝም ብሎ ቆይቶ ስትረግጡት ከጮኸ የፍሪሲዮኑ ገፊ ኩሽኔታ ነው። ማርሽ ገብቶ እየሄዳችሁ በራሱ ተፈናጥሮ ከወጣ፣ ወይም አንዱ ማርሽ ብቻ፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው፣ ሁልጊዜ የሚፋጭ ከሆነ ካምቢዮው ውስጥ የተበላ ነገር አለ። ማርሽ ሲለወጥ ፍጥነቱን የሚያስተካክሉ የመዳብ ቅይጥ ቀለበቶች አሉ፤ መጀመሪያ የሚያልቁት እነርሱ ናቸው። በ1928 ካዲላክ ይህን ዘዴ በመኪና ላይ ከማውጣቱ በፊት ሹፌር ሁሉ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጠ ነበር ማርሽ የሚለውጠው። የአገራችን የድሮ የጭነት መኪና ሹፌሮች ይህን ጥበብ በጆሯቸው ያውቁት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የማርሽ ዘንጉ እንደ ልቅ ጥርስ ከተወዛወዘና ማርሹ የት እንዳለ ከጠፋችሁ፣ በተለይ ቶዮታ ላይ፣ ከዘንጉ ሥር ያለችው የላስቲክ መቀመጫ አልቃ ሊሆን ይችላል። ከውስጥ፣ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ የምትለወጥ ትንሽ ዕቃ ናት። እርሷም ስንት ጊዜ «ጊሩ ሄደ» አስብላለች!

ካምቢዮው በእርግጥ የሞተ እንደሆነ ለማረጋገጥ ዘይቱ ይውረድ። በዘይቱ ውስጥ እንደ አመድ የላመ ግራጫ ዝቃጭ ቢታይ የዕድሜ ነው። የጥርስ ስባሪ፣ የኩሽኔታ ቁራጭ ከወጣ ግን አበቃ። ያን ስባሪ አሳዩኝ በሉ።

እሺ፣ ሞቷል እንበል። ሦስት መንገድ አለ፦ የራሱን ከፍቶ ማደስ፣ የታደሰ መግዛት፣ ወይም ከተፈታ መኪና የወጣ አሮጌ መግዛት። አዲስ አበባ መርካቶ ሱማሌ ተራ የምታውቁ ሰዎች ሦስተኛውን በደንብ ታውቁታላችሁ። እዚህ መኪና የሚፈታበትን ቦታ «ፔሩክ» ይሉታል። በአሮጌ ቴንደር ላይ ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህን ነው፤ እኔም አልቃወምም፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ነገር ግን እንደ ሱማሌ ተራ በዓይን ፍቅር አይገዛም።

መኪናው በውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት ስለሆነ ካምቢዮውም አንድ ነው ማለት አይደለም። ቶዮታ ሃይሉክስን ውሰዱ፤ የናፍጣውና የቤንዚኑ ሞተር ከካምቢዮ ጋር የሚገጥምበት ፊት አንድ አይደለም። በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄደውና በአራቱም የሚሄደው ደግሞ ጅራታቸው ይለያያል። ስለዚህ ወደ ፔሩክ ስትሄዱ የመኪናውን ፈቃድ፣ «ሪሽዮን ሬኸቭ» የሚሉትን፣ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሞተሩም ዓይነት ይጻፍላችሁ። አሮጌው ካምቢዮ ወርዶ ከሆነ ጭናችሁት ሂዱና ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኟቸው። የመግቢያውን ዘንግ ጥርስ ቁጠሩ፤ ርዝመቱን ለኩ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹን አስተያዩ። ዘንጉን በእጃችሁ አዙሩት፤ ሳይንገጫገጭ መዞር አለበት። ማርሾቹን ሁሉ አስገቡና አውጡ። የቀረ ዘይት ካለው አሽቱት፤ የተቃጠለ ከሸተተ ተዉት።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ ደግሞ እንዳትወጡ። የተሰረቀ መኪና እየተፈታ በቁራጭ እንዳይሸጥ ለመከላከል በ1998 እዚህ አገር ሕግ ወጥቷል፤ በአሮጌ የመኪና ዕቃ የሚነግድ ሰው መመዝገብ ያለበት ነገር አለ። በርካሽ፣ በጓሮ በር፣ ያለ ወረቀት የሚሰጣችሁ ካምቢዮ የማን እንደነበረ አታውቁም። አዲስ ገቢ ሰው ከፖሊስ ፊት ቆሞ «አላወቅሁም» ማለት አይጠቅመውም።

አሁን ሥራውን ላሳያችሁ። ይህን የምዘረዝረው ጋራዥ ቆማችሁ ስታዩ ምን እየተሠራ እንደሆነ እንድታውቁ ነው። ልጆቻችሁ ወይም ጎረቤቶቻችሁ ግቢ ውስጥ ራሳቸው ሊሠሩት እንደሚነሡም አውቃለሁ፤ ብከለክልም አይቀርም።

በመጀመሪያ መኪናው ይነሣል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የዚህ ዓይነት ፒክአፕ ክብደቱ 15 ኩንታል ገደማ ነው፣ ብዙዎቹም ከዚያ ያልፋሉ። ጎንደር በነበርኩበት ጊዜ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ገባ። ክሪኩ ዘይት አፍስሶ ቀስ እያለ ወረደ፤ ማንም አላየም። ልጁን በሕይወት አወጣነው፤ እግሩ ግን እስከ ዛሬ አልተስተካከለም። ክሪክ ለማንሣት ነው፤ ለማቆም አይደለም። መኪናው በአራት የብረት መቆሚያ ላይ፣ በደረቅ ሲሚንቶ ላይ ይቁም። በአሸዋ ላይ፣ በጡብ ላይ፣ በተደራረበ ጣውላ ላይ አይሆንም። ጡብ ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈርሳል። ከቆመ በኋላ በትከሻችሁ ግፉት፤ የሚነቃነቅ ከሆነ ማንም አይግባ። ሕፃናት ከግቢው ይውጡ።

ከዚያ የባትሪው ገመድ ይፈታል፤ የካምቢዮው ዘይት ይወርዳል። የማርሽ ዘንጉ ከውስጥ፣ ከሹፌሩ ክፍል ይወጣል። ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ከመፈታቱ በፊት መጋጠሚያው ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ በነበረበት አኳኋን ካልተመለሰ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የፍጥነት መለኪያው ገመድና የኋላ ማርሽ መብራት ሽቦ ይለቃቃሉ። ድሮ እኛ ሁሉን በጭንቅላታችን እንይዝ ነበር፤ እናንተ ስልክ አላችሁ፣ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው አንድ አይደለም፤ ካርቶን ላይ የካምቢዮውን ቅርጽ ሥላችሁ እያንዳንዱን ብሎን በቦታው ሰኩት። ትንሿ የፍሪሲዮን ሲሊንደር ሁለት ብሎን ተፈትቶ በሽቦ ወደ ላይ ትታሰራለች፤ ቱቦዋ አይከፈት፤ በዚያን ጊዜም ማንም ፔዳሉን አይርገጥ። ሞቶሪኖውም ይወርዳል።

ካምቢዮው የሞተሩን ጀርባ ደግፎ የያዘ ነው። እርሱ ሲወጣ ሞተሩ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ቱቦ ይበጥሳል፣ ከፊት ያለውን ማራገቢያ ያጋጫል። ስለዚህ ከሞተሩ ሥር ጣውላ ተደርጎ በክሪክ ይደገፍ። ከዚያ ካምቢዮው የተቀመጠበት ተሻጋሪ ብረት ይፈታል፤ በመጨረሻም ካምቢዮውንና ሞተሩን የሚያያይዙት ብሎኖች። ላይኛዎቹ ሁለቱ የመካኒክ ትዕግሥት መፈተኛ ናቸው፤ ረጅም ማስረዘሚያ ያለው መፍቻ ያስፈልጋል።

የእነዚህ መኪናዎች ካምቢዮ 50 ኪሎ ያህል፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። የአራት ጎማው ሣጥን አብሮት ካለ ከዚህ በጣም ይበልጣል። በደረት አይወርድም። ለካምቢዮ የተሠራ ክሪክ አለ፤ ተከራዩት። ሲወጣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። እኔ እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ስገጥም ረዳት አልነበረኝምና ካምቢዮውን በመግቢያው ዘንግ ፍሪሲዮኑ ላይ አንጠልጥዬ ብሎን ላመጣ ሄድኩ። አዲሱ ዲስክ መሀሉ ተጣመመ። አላወቅሁም፤ ገጥሜ ሰጠሁ። መኪናው በማግሥቱ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። ሁሉን እንደገና አወረድኩ፤ ዲስኩንም ከደመወዜ ገዛሁ። ዛሬ ድረስ ማንም ሲያንጠለጥል ሳይ እጄን ያመኛል።

ካምቢዮው ሲወርድ፣ ከእነዚያ ሁለት ብሎኖች ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፦ አትቸኩሉ። የሥራ ዋጋው የሚከፈለው ለማውረዱና ለመስቀሉ ነው። ስለዚህ ከወረደ አይቀር ዲስኩ፣ የሚጫነው ሳህን፣ ገፊው ኩሽኔታ፣ በቮላኖው መሀል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ቢለወጡ የተሻለ ነው። ቮላኖው ተሰንጥቆ ወይም በሙቀት ጠቁሮ እንደሆነ ይታይ። ከሞተሩ ጀርባ ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበትም ካረጀ ይለወጥ፤ እርሱ ካፈሰሰ አዲሱን ዲስክ ዘይት ያበላሸዋል፣ ቴስት ላይም ያስቸግራችኋል። መካኒኩ «ክላቹንም እንለውጥ» ሲላችሁ ሁልጊዜ ሊያስከፍላችሁ ብቻ ነው ብላችሁ አትጠርጥሩ። በዚህ ላይ እውነቱን ነው። አሮጌውን ዲስክ ግን አሳየኝ በሉ፤ ውፍረቱን እዩ።

ሲገጠም ዲስኩ በቮላኖው መሀል በትክክል መቀመጥ አለበት። ለዚህ ልዩ መሣሪያ አለ፤ እኛ ጎንደር እንጨት ጠርበን፣ ፕላስተር ጠቅልለን እንጠቀም ነበር፤ ይሠራል። የሳህኑ ብሎኖች በመስቀል አምሳያ፣ ቀስ በቀስ፣ ተራ በተራ ይጠብቃሉ። ከዚያ ካምቢዮው ይሰቀላል። አልገባ ካለ ማርሽ አስገብታችሁ የኋላውን ዘንግ በእጅ ትንሽ አዙሩት፤ ጥርሱ ከጥርሱ ሲገናኝ እንደ ቁልፍ ይገባል። ጣት የማያስገባ ክፍተት እንኳ ቢቀር ብሎን በማጥበቅ አትጎትቱት። የካምቢዮው አካል አሉሚኒየም ነው፤ ጆሮው ይሰበራል። ይህን ያደረጉ ሰዎች ሁለተኛ ካምቢዮ ሲገዙ አይቻለሁ።

ዘይቱን በጎኑ ካለው ቀዳዳ እስኪተርፍ ድረስ ሙሉት። እንደ መኪናው ከ2 እስከ 4 ሊትር ይይዛል። የዘይቱን ዓይነት ከመኪናው መጽሐፍ ተመልከቱ። በብዙ ቶዮታ ካምቢዮዎች የሚገባው ጂ ኤል 4 የሚባለው የማርሽ ዘይት ነው። ለዲፈረንሻል የሚሆነው ጂ ኤል 5 ወፍራም ነው ደህና ነው ብላችሁ አትቀይሩ፤ ከአንዳንዶቹ ጂ ኤል 5 ዘይቶች ጋር የተቀላቀለው ኬሚካል እነዚያን የመዳብ ቅይጥ ቀለበቶች ይበላል። ብዙዎቹ የድሮ አይሱዙ ፒክአፖች ደግሞ ካምቢዮአቸው ውስጥ የሞተር ዘይት የሚገባባቸው ናቸው፤ ይህን የማያውቅ መካኒክ ወፍራም ዘይት ሞልቶ ክረምት ጠዋት ማርሽ አልገባ ይላችኋል። ዘይቱ እስኪሞላም መሪው ላይ «ዘይት የለም» የሚል ወረቀት ለጥፉ። አትሳቁ! በደስታ አስነሥቶ የሄደ ሰው አውቃለሁ፤ ሩቅ አልደረሰም።

በደንብ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይህን ሁሉ በአንድ ሙሉ ቀን ይጨርሳሉ። ስለዚህ «የሁለት ሳምንት ሥራ ነው» የሚላችሁ ካለ ዕቃ እየጠበቀ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ። ጋራዡ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑን እዩ። ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን በጽሑፍ፣ «ሃጻዓት መኺር» በሉ፤ ሲያልቅ «ኸሽቦኒት»፤ ዋስትናውም፣ «አኽራዩት» የሚሉት፣ ለስንት ወር እንደሆነ ይጻፍ። የወረደው ካምቢዮ የእናንተ ነው፤ እንደምትወስዱት አስቀድማችሁ ተናገሩ። ይህን ስትሉ ብቻ ስንት ነገር እንደሚስተካከል ታያላችሁ። ተመሳሳይ ካምቢዮ መተካት ጥገና ነው። ሞተር ከተለወጠ ግን ቁጥሩ በመኪናው ፈቃድ ላይ ስለሚጻፍ «ሚስራድ ሃሪሹይ» መመዝገብ አለበት። በእጅ የሚለወጠውን ወደ አውቶማቲክ እናድርገው የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ያ የመኪናውን አሠራር መለወጥ ነውና ያለ ፈቃድ አትንኩት። በአውቶማቲክ መኪና ተፈትኖ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ ካላችሁም ይህን ቴንደር መንዳት አይችልም፤ «አንድ ዙር ብቻ» እያለ ቢለምናችሁም አትስጡት።

እባካችሁ፣ ጋራዥ ሕፃን አስተርጓሚ ይዛችሁ አትሂዱ። ያ የ11 ዓመት ልጅ እስከ ዛሬ «እኔ በደንብ ስላልተረጎምኩ ነው» ይላል። እርሱ ያጠፋው አንድም ነገር የለም። ከእኛ ከቀደምነው አንዱን ጥሩ፤ እዚህ ገዴራም፣ ያቭኔም፣ ቂርያት ማላኺም በዚህ ሥራ ያሉ ልጆቻችን አሉ። አንዳንዶቻችሁ ልጆቻችሁ ጋራዥ እንዲገቡ እንደማትፈልጉ ሰምቻለሁ፤ ዘይትና ብረት ዝቅ ያለ ሥራ ይመስላችኋል። አባቶቻችን ወለቃና አምቦበር ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጡ፣ ማረሻውን ተጠቅሞ ያረሰው ሰው ነበር የሚሰድባቸው። ያንን ስድብ እኛው ተሸክመን መምጣት አልነበረብንም።

ከመጀመሬ በፊት አንዲት እናት በር ላይ ጠይቀውኛል። «ባለቤቴ ፍሪሲዮኑን እኔው ራሴ ግቢ ውስጥ እለውጠዋለሁ ይላል፤ ልከልክለው ወይስ ልተወው?» አሉኝ። እቴቴ፣ አይከልክሉት። ከመኪናው ሥር ከመግባቱ በፊት ግን አራቱን የብረት መቆሚያ አሳየኝ ይበሉት፤ ሦስት ብቻ ካሳየዎት ለእኔ ይደውሉልኝ።

ቴንደሬ በር ላይ ቆማለች። ሳይጨልም እንውጣና ኮፈኑን ከፍቼ የፍሪሲዮኑ ዘይት ዕቃ የትኛው እንደሆነ ላሳያችሁ፤ ከፍሬኑ ጋር ጎን ለጎን ስለሆነ ይምታታል።